ድርብ ከድርብ ተወልዶ ነጠላው ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከባህር ዳር ወጣ ብሎ ሮቢት ነው። 4 የሀገር ሴት ዶሮዎች ነበሩኝ፤ አራቱም ድርብ ናቸው፣ መላጣ የለባቸውም። ነጠላና ዥንጉርጉር የሆነ ኮይኮክ አውራ ገዝቼ አብሬ ለቀቅሁት። 22 ጫጩት አደገልኝ፤ ሁሉም ድርብ፣ ሁሉም ዥንጉርጉር፣ ሁሉም ፈርጣማ። ኮይኮኩ ለበዓል ታረደና ከልጆቹ ትልቁን ለእህቶቹ አውራ አድርጌ ተውኩት። ከእነሱ ደግሞ 31 አደገ። ነገር ግን 10ሩ ነጠላ ናቸው፤ 2ቱ መላጣ ናቸው። ወንዶቹ 14ቱም ዥንጉርጉር ሲሆኑ ከ17ቱ ቄቦች 7ቱ ዥንጉርጉር አይደሉም። ዕድገታቸውም አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ጎረቤቴ መላጣ አውራ አለው፤ እሱ ገብቶ ነው ዘሩ የተበላሸብኝ? ገበያ ላይ የሚፈለገው ድርብ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የጎረቤትዎ አውራ ገብቷል። ይሁን እንጂ ነጠላዎቹ እሱ ባይገባም ይወጡ ነበር። ሁለቱ ነገሮች የተለያየ ምክንያት አላቸው። እርስዎ ቁጥሩን በጾታና በዓይነት ለይተው ስለጻፉ ደግሞ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል፤ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ግምት ብቻ ይሆን ነበር።

ዶሮ ለማያረቡ አንባቢዎች፦ ኮይኮክ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የዶሮ ዝርያ ነው። የዶሮ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ በአንድ መስመር ሽቅብ ሲቆም ነጠላ ይባላል፤ ዝቅ ብሎ ሰፋ ሲል ድርብ ይባላል። መላጣ የሚባለው አንገቱ ላይ ላባ የሌለው ነው። ዥንጉርጉር ስል ደግሞ እያንዳንዱ ላባ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር እየተፈራረቀ የሚሄድበትን የኮይኮክ መልክ ማለቴ ነው።

ከነጠላዎቹ እንጀምር። ብዙ ሰው «ደሙ ተቀላቀለ» ሲል በልቡ የሚያስበው ጠላ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ ይቀጥናል፣ ተመልሶም አይለይም። የዘር ውርስ ግን ምስርና ሽንብራ አንድ ቁና ውስጥ እንደመደባለቅ ነው። ሽንብራው ከላይ ሆኖ ምስሩ ባይታይ እንኳ ምስሩ ምስርነቱን አልለቀቀም፤ ሲለቀም ያው ሙሉ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። የእርስዎም ነጠላ የኮይኮኩ ነጠላ ነው፤ አንድ ትውልድ ተሸፍኖ ቆይቶ ሳይጎድል ተመለሰ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዶሮ በእያንዳንዱ የአካሏ ሕዋስ ውስጥ 39 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ማለትም ውርስን የሚሸከሙ ክሮች፣ አላት፤ ከየጥንዱ አንዱ ከእናት ሌላው ከአባት የመጣ ነው። በክሮሞዞሙ ላይ ያሉት ዘረመሎችም፣ ማለትም እያንዳንዱን ባሕርይ የሚወስኑት የውርስ ክፍሎች፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት ናቸው። ዕንቁላልና የአውራው ዘር ሲሠሩ ግን ከየጥንዱ አንዱ ብቻ ይገባል፤ የትኛው እንደሚገባ ዕጣ ነው። የድርብነት ዘረመል ገናን ነው፤ አንዱ ቅጂ ብቻውን ድርብ ያደርጋል። የነጠላነቱ ድብቅ ነው፤ ለመታየት ሁለት ይፈልጋል።

ስለዚህ ነጠላው ኮይኮክ የግድ ነጠላ-ነጠላ ነበር። 22ቱ ልጆች በሙሉ ድርብ መሆናቸው ደግሞ አራቱ እናቶች ድርብ-ድርብ እንደነበሩ አጥብቆ ያመለክታል። አንዷ እንኳ በውስጧ ነጠላ ብትደብቅ ኖሮ ከእሷ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ነጠላ ይወጡ ነበር። ልጆቹ ታዲያ ሁሉም ድርብ-ነጠላ ናቸው፤ ከእናት ድርብ፣ ከአባት ነጠላ። ወንድምና እህት ሲገናኙ ከአባት ነጠላው የመምጣት ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ከእናትም እንዲሁ ግማሽ፤ ሁለቱም የሚገጥሙት ከ4 ዕንቁላል በ1ዱ ነው። ከ31 ጫጩት 8 ገደማ ነጠላ ይጠበቃል፤ እርስዎ 10 አግኝተዋል። ይህ ልዩነት ከዕጣ አይወጣም። አንድ በአራት ማለት እያንዳንዷ ዶሮ ካቀፈችው 12 በትክክል 3 ነጠላ ይወጣል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕንቁላል የየራሱን ዕጣ ያወጣል፣ ከ12ቱ አንድም ነጠላ ላይወጣ ይችላል። ይህ የሚሆነው ከ100 ጊዜ በ3ቱ ገደማ ነው። ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ እቅፍ አይቶ «ይህ አውራ ንጹሕ ነው» ይላል።

ይህ የውርስ አሠራር፣ የሜንደል ሕግ የሚባለው፣ በአተር ብቻ ሳይሆን በእንስሳትም እንደሚሠራ እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዚሁ በዶሮ አናት ሥጋ ነበር። በትክክል የሚታይ፣ በአንድ ቀን ዕድሜ ሊለይ የሚችል ምልክት ስለሆነ ለጀማሪም ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

አሁን ወደ መላጣዎቹ። መላጣነትም ገናን ነው፤ ገናን የሆነ ነገር ደግሞ ተደብቆ ትውልድ አይዘልም። መላጣ ጫጩት ካለ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ መላጣ ነው። ከእርስዎ ዶሮዎች መላጣ ከሌለ አባታቸው ከውጭ ነው። እስቲ ሁለቱን ይያዙና አንገታቸውን ከፊት በኩል፣ መኖ ከሚጠራቀምበት ከረጢት ከፍ ብሎ፣ ይመልከቱ። እዚያ ላይ ለብቻዋ የቀረች የላባ ጉንጉን ታገኛለች። ይህች ጉንጉን የመላጣነትን ዘረመል ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ዶሮ ምልክት ናት፤ ከሁለቱም የወረሰ ሙሉ በሙሉ ራቁት አንገት ይሆናል፣ የሰውነቱም ላባ ይበልጥ ይሳሳል። የእርስዎዎቹ እናቶቻቸው መላጣ ስላልሆኑ ጉንጉኗ መኖር አለባት።

ታዲያ 31ዱም የጎረቤት ልጆች ቢሆኑስ? አይደሉም። ይህን የሚነግሩን 10ሩ ዥንጉርጉር ቄቦች ናቸው። በሰው ጾታን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው፤ በዶሮ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አውራው ሁለት ዜድ የሚባል ክሮሞዞም አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው አላት። ሴት ልጅ ከእናቷ ደብሊውን ስለምትወስድ ያላት ብቸኛ ዜድ ከአባቷ የመጣ ነው። የዥንጉርጉርነት ዘረመል የሚገኘው ዜድ ላይ ነው። ስለዚህ ቄብ ዥንጉርጉር ከሆነች አባቷ ያለ ጥርጥር ዥንጉርጉርነትን የያዘ ነው፤ እናቷ ምንም አትጨምርላትም። የጎረቤትዎ መላጣ አውራ ዥንጉርጉር ካልሆነ ከእሱ የሚወለዱ ሴቶች አንዳቸውም ዥንጉርጉር አይሆኑም። ስለዚህ 10ሩ የራስዎ አውራ ልጆች ናቸው።

ዥንጉርጉር ያልሆኑት 7ቱስ? የእርስዎ አውራ ከኮይኮክ አባቱ አንድ ዥንጉርጉር ዜድ፣ ከሀገር እናቱ አንድ ተራ ዜድ ይዟል። ለሴት ልጆቹ ግማሹን ያንን፣ ግማሹን ይህን ይሰጣል፤ ስለዚህ ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ ተራ መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ከ7ቱ አንዷ መላጣዋ ከሆነች እሷ የጎረቤት ናት፤ ሌሎቹ ከማንኛቸውም ሊሆኑ ይችላሉ፣ በላባ ብቻ መለየት አይቻልም። ወንዶቹ በሙሉ ዥንጉርጉር የሆኑት እናቶቻቸው ዥንጉርጉር ስለሆኑና ያላቸውን አንዲት ዜድ ለወንድ ልጅ ሁሉ ስለሚሰጡ ነው፤ ይህ አባትን አይናገርም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በነጭ ዶሮ ላይ መስመሩ አይታይም፤ ነጭ ዶሮ በመንጋው ካለ ይህ ስሌት አይሠራም።

በአንድ እቅፍ ሁለት አባት መኖሩ አይግረምዎ። ሴት ዶሮ ከአንድ ግንኙነት የወሰደችውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለ2 ሳምንት፣ አንዳንዴ እስከ 3 ሳምንት ታቆየዋለች። በአጥር ሾልኮ አንድ ቀን የገባ አውራ ለሳምንታት ዕንቁላል ላይ አሻራውን ይተዋል። አውራ ሲቀይሩም እንዲሁ፤ አሮጌው ከወጣ በኋላ 3 ሳምንት ሳይሞላ የተጣለ ዕንቁላል የአዲሱ ነው ብለው አያስታቅፉ። ያን ዕንቁላል ይሽጡት ወይም ይብሉት።

የዕድገቱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ድርብነትና መላጣነት በአንድ በሁለት ዘረመል የሚወሰኑ ናቸው። ክብደት፣ የዕንቁላል ብዛት፣ የማቀፍ ፍላጎት ግን እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያበረክቱ የብዙ ዘረመሎች ድምር ናቸው፤ በዚህ ላይ ደግሞ መኖው፣ በሽታው፣ ወቅቱ ይጨመርበታል። የመጀመሪያዎቹ 22 እኩል የሆኑት ሁሉም ግማሽ ኮይኮክ ግማሽ ሀገር ስለነበሩ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ግን ሲደባለቅ የገባው ፍሬ ሲለቀም ነው፤ አንዱ ጫጩት የኮይኮኩን ዘረመል በብዛት ያፍሳል፣ ሌላው የሀገሯን። አማካዩ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ግን ይለያያል። ከዚህ ሌላ የተራራቁ ዝርያዎች ሲዳቀሉ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ የሚታየው ተጨማሪ ጥንካሬ ልጆቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ የኮይኮክ ጥፋት አይደለም፤ ከጣና በስተምሥራቅ የፎገራን ላም ከሆልስታይን ያዳቀለ ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ጊደር ታስደስታለች፤ የእሷን ጥጃ ከሌላ ክልስ ኮርማ ሲያስወልዱ የወተቱ መጠን ወዲያና ወዲህ ይላል።

ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ዝምድና ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ሀገር ሰው ስለሆኑ ስሌቱ አይከብድዎትም። ከአባት የምንወስደው ግማሽ ነው፤ ከአያት በአማካይ 1/4፣ ከቅድመ አያት 1/8 እያለ ይወርዳል፤ ሰባተኛው ቤት ላይ 1/128 ይሆናል። እርስዎ ጋ ግን በአባትም በእናትም አንድ የሆኑ ወንድምና እህት ተገናኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ጫጩት ከአንድ አያት የመጣውን አንዱኑ ቅጂ በሁለቱም ወገን የመቀበል ዕድሉ በየዘረመሉ 25 በመቶ ነው። የአባት ልጆች ብቻ ከሆኑ 12.5 በመቶ። ጎጂ የሆኑ ድብቅ ዘረመሎችም እንደ ነጠላው ሁለት ሆነው የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ዕንቁላሉ አለመፈልፈሉ ነው፤ ሲቀጥል ጫጩት በቅርፊት ውስጥ መሞት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት መቀንጨር። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መድኃኒት ይገዛል፤ መድኃኒቱ ሌላ አውራ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ሁለት መንገድ አለ፤ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው፦ ክልሶቹን እርስ በርስ ማዳቀል ያቁሙ። ድርብ የሀገር ሴቶችዎን ይዘው በየጊዜው ንጹሕ ኮይኮክ አውራ ያምጡላቸው፤ የሚወጣው ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያዎቹ 22 ይሆናል፤ ድርብ፣ ዥንጉርጉር፣ ፈርጣማ። ወንዶቹን ለበዓል ገበያ ይሽጡ፤ ቄቦቹን ለዕንቁላል ያቆዩ፣ ዕንቁላላቸውን ግን አያስታቅፉ። የሀገሮቹ እናቶች ሲያረጁ የሚተኩት እንዲኖር ለብቻ የታጠረ ክፍል ውስጥ ከሌላ መንደር የመጣ ድርብ የሀገር አውራ ከ8 እስከ 10 ከሚሆኑ ሴቶች ጋር ያኑሩ። የሚገዟቸው እናቶች በሙሉ ድርብ-ድርብ ስለመሆናቸው ከኮይኮኩ የሚወለዱት ልጆች ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ነጠላ የወለደችውን ያውጧት። ይህን ለማወቅ የማን ዕንቁላል የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ዕንቁላሉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ የጫጩቱ እግር ላይ ባለ ቀለም ክር ላላ አድርገው ይሠሩ፣ እግሩ ሲወፍር እንዳያንቀው በየ2 ሳምንቱ ይፍቱትና ይቀይሩት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥቅም አለ። ግንኙነቱን ገልብጠው ቀይ ወይም ጥቁር የሀገር አውራ ኮይኮክ ሴቶች ላይ ቢለቁ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉበት ዕለት ጾታቸው ይለያል። ዜድ ላይ ያለው ዥንጉርጉርነት ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚሄድ ወንዶቹ ሁሉ ዥንጉርጉር፣ ሴቶቹ ሁሉ ተራ ይሆናሉ። ጫጩቱ ሲደርቅ መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡትና አናቱን ከላይ ይዩት፤ በጥቁሩ ለስላሳ ጸጉር መሀል ጠርዙ ያልጠራ ነጣ ያለ ነጥብ ካለ ወንድ ነው፤ አናቱ ጥቁር ብቻ ከሆነ ሴት። አውራው ራሱ ዥንጉርጉር ወይም ነጭ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም።

ሁለተኛው መንገድ ከክልሶቹ የራስዎን የጸና ዘር ማውጣት ነው። ይቻላል፤ ግን ዓመታትና ብዛት ይጠይቃል። ነጠላዎቹን እያወጡ ብቻ መሄድ አያዋጣም። ድብቁ ዘረመል ድርቦቹ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀር ነጠላ የሚወጣው ከ4 አንድ የነበረው በቀጣዩ ትውልድ ከ9 አንድ፣ ቀጥሎ ከ16 አንድ፣ ከዚያ ከ25 አንድ ይሆናል፤ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ፈጣኑ መንገድ አውራውን መፈተን ነው። ከራስዎ አውራ ከተወለዱት ድርብ ወንዶች ከ3ቱ 1ዱ ድርብ-ድርብ ነው፣ 2ቱ ነጠላ ይደብቃሉ፤ በዓይን አይለዩም። ለመፈተኛ የሚያስፈልጉት እነዚያ ያሳዘኑዎት ነጠላ ቄቦች ናቸው፤ ስለዚህ ሁሉንም አይሽጧቸው፣ 3ቱን ያስቀሩ። ከማንኛውም አውራ 3 ሳምንት ያርቋቸውና የሚፈተነውን ብቻ ያስገቡላቸው። አንድ ነጠላ ጫጩት ከወጣ ፈተናው አልቋል፤ አውራው ተሸካሚ ነው። ተሸካሚ ሆኖ ሳለ 7 ጫጩት በተከታታይ ድርብ የመውጣት ዕድሉ 1/128 ነው፤ ስለዚህ 7 ከወጡ ይበቃል፣ 10 ከሆኑ ደግሞ በሙሉ ልብ ይያዙት።

እዚህ ላይ የድርቡን ዓይነት ማየት ግድ ይላል፤ ገበያው «ድርብ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ሁለት የተለያየ ነገር ነውና። አንደኛው በርዝመቱ ሦስት ዝቅተኛ ረድፍ ያለው፣ መካከለኛው ረድፍ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ከአገጭ ሥር ያለው ሥጋም የሚያንስ ነው። ሌላው ላዩ በጥቃቅን እብጠት የተሞላ፣ ወደ ኋላ ሾል ያለ ጅራት ያለው ነው። በተለያየ ክሮሞዞም ላይ ያሉ ሁለት ዘረመሎች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዶሮ ላይ ከገጠሙ የተኮማተረ እብጠት የመሰለ ሦስተኛ ቅርጽ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው አውራ ሁለቱንም አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ከያዘ በፈተናው ነጠላ የሚወልደው ከ4 አንድ ብቻ ስለሆነ 17 ጫጩት ያስፈልግዎታል። ይበልጥ ልብ ሊሉት የሚገባው ሾጣጣውን ነው፦ ያንን ዘረመል ከሁለቱም ወገን የወረሰ አውራ የዘሩ ፍሬያማነት ይቀንሳል። ለንጽሕና ብለው እንዲህ ያለውን ብቻ ቢመርጡ ባዶ ዕንቁላል ይበዛብዎታል። ባለ ሦስት ረድፉ ይህ ችግር ስለሌለበት ማጽናት ከፈለጉ እሱን ይምረጡ።

ለዚህ መንገድ የማይዛመዱ 4 አውራዎችና 20 ሴቶች ያስፈልጋሉ። አንድ አውራና 10 ሴት ብቻ ያለው ዝግ መንጋ በየትውልዱ ዝምድናው ወደ 14 በመቶ ይጨምራል፤ በ4 አውራና በ20 ሴት ከ4 በመቶ በታች ይሆናል። አውራን በክብደት መምረጥ ውጤት ያመጣል፤ በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን፣ አንድ መኖ የበሉትን፣ በ12ኛው ሳምንት በሚዛን አመዛዝነው ይምረጡ። የተለያየ እቅፍ ጫጩቶችን ማወዳደር ዘርን ሳይሆን መኖና ወቅትን መምረጥ ነው። በዕንቁላል ብዛት መምረጥ ግን በዘር የሚተላለፈው ድርሻ አነስተኛ ስለሆነ ይዘገያል፤ አውራውም የእናቱንና የእህቶቹን የዕንቁላል መዝገብ ካላዩ ምን እንደያዘ አይታወቅም።

ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ አጥሩ ይቅደም። ጎረቤትዎን ተነጋግረው አውራዎቹ በየግቢያቸው የሚውሉበትን መንገድ ቢያበጁ ይሻላል፤ ካልሆነ ለማስታቀፍ የሚፈልጉትን ዕንቁላል የሚጥሉትን ሴቶች ብቻ በሽቦ ወይም በቀርከሃ ይከልሉ። ለፋሲካ ገበያ ካሰቡ ደግሞ ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሴቶቹን ከድሮው አውራ ለይተው ኮይኮኩን ለእንቁጣጣሽ ያስገቡ፤ መስከረም 22 ላይ 3 ሳምንቱ ይሞላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ7 ቀን ዕንቁላል ይሰብስቡ፤ ጥላና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ ከሳምንት በላይ አያቆዩት። መስከረም 29 ለምታቅፍ የሀገር ዶሮ 12 ያህል ይስጧት፤ በ7ኛው ቀን ማታ በባትሪ መብራት አይተው ደም ሥር ያልሠራውን ያውጡ። በ21ኛው ቀን፣ ጥቅምት 20፣ ይፈለፈላሉ፤ መጋቢት 20 ላይ 5 ወር ይሞላቸዋል፣ ፋሲካ ቀድሞ ቢውልም ይደርሳሉ።